ስለ እትዬ ስታማታ ሙሾ እና በስማቸው ስለ ተጻፈው ቃል

ቀን፦ ጃንዋሪ 27 ቀን 2025

ለደቡብ ጠረፍ የቃል ታሪክ መዝገብ ቤት ዋና ዳይሬክተር
ለክብርት ዶክተር ኤቭዶኪያ ላምብሩ

አመልካች፦ ሊጎሪስ ማንዱራኮስ፣ የአኖ ሊታሪ መንደር ነዋሪ፣ ማኒ

ጉዳዩ፦ በድረ ገጻችሁ ላይ በአክስቴ በስታማታ ማንዱራኩ ስም የወጣው ጽሑፍ ከድምፃቸው ጋር እንዲወጣ፣ ሰው የመክዳት ቃልም ከስማቸው ላይ እንዲነሳ ስለ መጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በወይራ መጭመቂያ መካኒክነት ሠርቼ አሁን በጡረታ እኖራለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያነበብኩት ዘይቱ ተጨምቆ እስኪያልቅ ስጠብቅ ነው። ስለዚህ በአጻጻፌ ጉድለት ቢታይ በእኔ እንጂ በጉዳዩ ላይ እንዳይቆጠር እለምናለሁ። በመንደራችን የምታወቀው በቀልደኛነቴ ነው። ይህን ለመሥሪያ ቤት መጻፍ ባይመችም ለአቤቱታው አስፈላጊ ስለ ሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

1. በ2023 ጸደይ ባለሙያዎቻችሁ ወደ መንደራችን መጥተው የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ቃል በድምፅ ቀድተዋል። አሠራሩም እንዲህ ነው ተብለን ነበር፦ ማሽኑ ድምፁን ሰምቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ከመንደሩ የተመረጠ ፈቃደኛ ጽሑፉን ከድምፁ ጋር አስተያይቶ ያርማል፤ ካረመ በኋላ «ጸድቋል» የሚለውን ይጫናል፤ ከዚያ ጽሑፉ ድረ ገጹ ላይ ይወጣና ማንም ሰው ስም እየጻፈ ይፈልጋል። ሥራው መልካም ነበር። እኔ ራሴ ያላየሁትን አያቴን በአንድ አሮጊት ቃል ውስጥ አግኝቼው፣ ስለ ስስታምነቱ አንብቤ በጣም ደስ ብሎኛል። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ከሠለጠኑት ሰባት ፈቃደኞች አንዱም እኔ ነበርኩ።

2. አክስቴ ስታማታ የአባቴ እህት ሲሆኑ ዕድሜያቸው ዘጠና ሦስት ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ። አላገቡም፤ ለምን እንዳላገቡ የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔ እንኳ በሁሉ ነገር ስቀልድባቸው በዚህ ቀልጄ አላውቅም። በመንደራችን ሙሾ ያወርዱ ከነበሩት ሴቶች ውስጥ በሕይወት ያሉና አእምሯቸው የቀና እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለሙያችሁ ሙሾ እንዲያሰሟት ስትጠይቃቸው፣ ሟች በሌለበት ሙሾ አይወረድም ብለው ሁለት ቀን እምቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ሲሞቱ ማን ሊያለቅስልዎ ነው? ይሄ ማሽን ነው» አልኳቸው። «ካንተ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ መሃል ላይ አይስቅም» አሉኝና ተስማሙ።

3. ያወረዱት ሙሾ የሳራንዶስ ጌራካኮስ ነው። ሳራንዶስ የአክስቴ ጎረቤት ነበር። በ1948፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያሳድድበት ዘመን፣ ከእነ አክስቴ ቤት ሥር ባለው ደረቅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተደብቆ ከረመ። ይህን የሚያውቁት ሦስት ቤቶች ብቻ ነበሩ። አክስቴ የዚያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ልብስ ለማስጣት የሚሄዱ መስለው ከልብሱ ሥር ዳቦ ይወስዱለት ነበር። በሃያኛው ቀን ታጣቂዎች መጡ። ሌላ ቤት አልፈተሹም፤ በር አላንኳኩም። በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። በቀብሩ ቀን ሙሾውን ያወረዱት አክስቴ ናቸው።

እዚህ ላይ ክብርነትዎ የከተማ ሰው ስለ ሆኑ አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ። በእኛ አገር ሙሾ አውራጅ የምትናገረው በራሷ አፍ ብቻ አይደለም። ተራ በተራ የሌላ ሰው አፍ ትዋሳለች። መጀመሪያ እናቱን ሆና «ልጄን» ትላለች። ቀጥላ ሟቹን ሆና ትመልስላታለች። በመጨረሻ ደግሞ ያስገደለውን ሰው ትሆናለች። ሁለቱ በዜማ ናቸው። ሦስተኛው ዜማ የለውም። ለዚያ ሰው ዜማ አይባክንለትም ይሉ ነበር። እሱን ስትሆን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ተራ ወሬ ቀስ እያለች፣ ሬሳውን ከበው የቆሙትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ እያየች ትናገራለች። «እኔ ነኝ» የምትለው ያ ሰው እዚያው ቆሞ እንደሚሰማት ስለምታውቅ ነው። ይህ ኑዛዜ አይደለም፤ ክስ ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ሌላ ፍርድ ቤት አልነበራትም።

4. ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። አክስቴ ከ41ኛው እስከ 47ኛው ደቂቃ ያወረዱትን ሙሾ ዛሬ ድረ ገጻችሁ ላይ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የሚከተለውን ነው፦

ተናጋሪ፦ ስታማታ ማ.
[ሙዚቃ]
[ሙዚቃ]
ዳቦውን አብሬው በላሁ። ጉድጓዱን አውቀው ነበር። ሲጠይቁኝ በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ ጠዋት ታጥቤ ለቀብሩ መጣሁ።
[ሙዚቃ]

እናቲቱም ሟቹም በዜማ ስለ ነበሩ «ሙዚቃ» ተብለው ቀሩ። ዜማ የተነፈገው ሰው ብቻ በጽሑፍ ተረፈ፤ ያውም በአክስቴ ስም። ይህ ሳይበቃ ከላይ ማሽኑ ራሱ ያወጣው አጭር መግለጫ አለ፦ «ተናጋሪዋ በ1948 የጎረቤታቸውን መደበቂያ ለታጣቂዎች መጠቆማቸውን ያምናሉ።» ድምፁ ደግሞ ለድረ ገጹ ይከብዳል ተብሎ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ እንዳይሰማ ተቆልፏል።

5. ባለሙያዎቻችሁን አልወቅስም፤ ምክንያቱም ያንን ጽሑፍ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ኦገስት፣ በኒኪታስ ቡና ቤት ተቀምጬ በስልኬ ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች በደንብ ሰምቻለሁ፤ አክስቴ አባቴ በልጅነቱ የቄሱን ፍየል እንዴት እንደ ሰረቀ ይናገራሉ፤ እየሳቅሁ አርሜዋለሁ። በዚህ መሃል ኒኪታስ የታቭሊ ሰሌዳውን ዘርግቶ ጠጠሮቹን ደረደረና «ትጫወታለህ ወይስ መንግሥት ልትሆን ነው?» አለኝ። የቀረውን አርባ ደቂቃ ሳልሰማ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫንኩ። ያን ጨዋታ አሸንፌአለሁ።

6. ጽሑፉ በኦክቶበር ወጣ። በመንደራችን ሰው ድረ ገጹን የሚከፍተው የገዛ ዘመዱን ስም ለመፈለግ ነው። ኒኪታስም የሳራንዶስ የእህት ልጅ ነውና የአጎቱን ስም ጻፈ፤ ያን ገጽ አገኘ። አትሞ በቡና ቤቱ በር አጠገብ ለጠፈው።

ኖቬምበር 17 እሑድ የሳራንዶስ ሙት ዓመት ነበር። በእኛ ዘንድ ለሙት ዓመት ስንዴ ይቀቀላል፤ ንፍሮው በሮማን ፍሬና በዘቢብ ተሰናድቶ በትልቅ ሳህን ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሱበታል፤ ሰዉም ሲወጣ አንዳንድ እፍኝ ወስዶ «ነፍሱን ይማር» ይላል። የሳራንዶስን ንፍሮ በፊት እናቱ ያዘጋጁ ነበር። በ1971 ከመሞታቸው በፊት ለአክስቴ አደራ ሰጧቸው። ሃምሳ ሦስት ዓመት አንድም ቀን አልተቋረጠም።

ያን እሑድ አክስቴ እንደ ልማዳቸው ሳህኑን ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ። የሰደባቸው ሰው የለም። ሰዉ ግን በሌላው በኩል አለፈ። አንዷ ጾም ላይ ነኝ አለች፤ ስንዴ ከጾም ተከልክሎ አያውቅም። አንዱ ስልኩን እያየ አለፈ። ካህኑ አባ ጴጥሮስ ወሰዱ፤ እሳቸው የሰሜን ሰው ናቸው፣ ጽሑፉንም አላነበቡም። እኔ ሦስት እፍኝ ወሰድኩ። አራተኛውን ልወስድ እጄን ስዘረጋ «ተው አንተ ሆዳም፤ ለአንድ ነፍስ አንድ ነው» አሉኝ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እኔ አላዞሩም። የቀረውን ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኩላቸው። ለሟች የተቀቀለ ለዶሮ አይሰጥም። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ብቻቸውን በሉት።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በራቸውን አያንኳኳም። ድሮ ዳቦ የምታመጣላቸው ሴት አሁን ዳቦውን አጥሩ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች።

7. በመንደሩ ውስጥ ነገሩን ለማስተካከል ያደረግሁትን ጥረት ደግሞ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ቡና ቤቱ ሙሉ በነበረበት ቀን ተነሥቼ፣ ከላይ በተራ ቁጥር 3 የጻፍኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ አንዱ «እሺ፣ መጨረሻውስ?» አለ። የሚያስቀውን እየጠበቀ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አስቄአቸው ስለ ነበር፣ አንድ ቀን እውነት ስነግራቸው መሳቂያውን ጠበቁ። በዚህ የምወቅሰው ሰው የለም። ራሳቸው አውርደው ባያውቁም የማኒን ሙሾ ልማድ ከሚያውቁት ሌሎች ሁለት አሮጊቶች አንዷ ልጇን እንኳ አትለይም፤ ሌላዋ ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳለች። ከስድሳ ዓመት በታች ያለው ሰው ደግሞ ለሬሳ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ብቻ ነው።

ኒኪታስን ለብቻው ወስጄ ወረቀቱን እንዲያነሳ ለመንኩት። «ሊጎሪ፣ እኔ አክስትህን አላማሁም» አለኝ። «የለጠፍኩት ራሷ ያለችውን ነው። አንተም አጽድቀኸዋል፤ ስምህ እኮ ታች አለ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ኒኪታስ አክስቴን አንቱ ሲል የኖረ ሰው ነው። ስሜን በተመለከተ የተናገረው እውነት ነው፤ ታች አለ።

8. በዲሴምበር ለመሥሪያ ቤታችሁ በጻፍኩት ደብዳቤ መነሻ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን መልስ ደርሶኛል። ስለ ፈጣን መልሱ አመሰግናለሁ። መልሱ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። አንደኛው፣ ቃለ መጠይቁ ሙሉ በሙሉ ከድረ ገጹ እንዲጠፋ። ሁለተኛው፣ ተያይዞ የተላከው «የተናጋሪ ማስተካከያ ቅጽ» ተሞልቶ እንዲመለስ። በቅጹ ላይ «የእነዚህ መስመሮች ትክክለኛ ተናጋሪ ሙሉ ስምና የትውልድ ዘመን» የሚል ሣጥን አለ። ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ቅጹ አይላክም። ሞክሬዋለሁ፤ በቀይ ይጮኻል።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር። ቅጹን አነበብኩላቸውና ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«ያን ቀን ፊታቸውን እያየሁ ስዞር አንዱ ጫማውን አየ» አሉ።

«ማን?»

«ሞቷል።» አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥተው ጣሉ። «ልጆቹ ምንም አላደረጉም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስንዴዬን እየበሉ ነው ያደጉት። ሳህን ሳውሳቸው አጥበው ነው የሚመልሱልኝ። አሁን እነሱን በማሽን ላስጽፍ?»

እንግዲያው ሁሉም ይጥፋ ልበላቸው ወይ አልኳቸው።

«ካጠፉት ደበቀች ይሉኛል። ደግሞ ሙሾው የሳራንዶስ ነው፤ እሱን ሁለት ጊዜ አላስቀብርም። ድምፄን ለሰዉ ይስጡት በላቸው። የሰማ ያውቃል።»

እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ አክስቴ አንድ ስም በመናገር ብቻ ነጻ ሊወጡ ይችላሉ። አይናገሩም። ያን ሰው ሰባ ስድስት ዓመት ያልከሰሱት ልጆቹን ላለማሳፈር ነው፤ ከእነዚያ ልጆችም ያን እሑድ በሌላው በኩል ያለፉ ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር የአባቱን ጫማ አስባለሁ። ጥሩ ስሜት አይደለም። ስሙን ባውቅ በምላሴ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ስለማውቀው ባለማወቄ ደስተኛ ነኝ። አክስቴም ይህን ሳያውቁ አይቀሩም፤ ለዚህ ነው ያልነገሩኝ።

9. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለው ነው።

ሀ/ ቃለ መጠይቁ እንዳይጠፋ፤ ይልቁንም ከ41ኛው እስከ 47ኛው ደቂቃ ያለው ድምፅ ያለ ምንም ፈቃድ ከጽሑፉ ጎን እንዲሰማ እንዲደረግ። ስድስት ደቂቃ ድረ ገጻችሁን እንደማያከብደው ተስፋ አደርጋለሁ።

ለ/ «ሙዚቃ» ተብሎ በታለፈው ቦታ ሁሉ እናቲቱና ሟቹ የተናገሩት ቃል በሰው ጆሮ ተሰምቶ እንዲጻፍ። ሥራውን ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ በዚህ ጊዜ ታቭሊ በሌለበት ቦታ እቀመጣለሁ።

ሐ/ ማሽኑ ያወጣው አጭር መግለጫ ዛሬውኑ እንዲነሳ። ይህ ድምፅም ቅጽም አያስፈልገውም።

መ/ አክስቴ የማንንም ስም እንዲሰጡ እንዳይጠየቁ።

እርማቱ ቅጹ ከደረሰ በኋላ ሃያ የሥራ ቀናት እንደሚወስድ ተጽፏል። ፌብሩዋሪ 22 የሙታን ቅዳሜ ነው። በዚያ ቀን መንደሩ ሁሉ ለሙታኑ ስንዴ ይዞ ይመጣል፤ አክስቴም ይመጣሉ። ትናንት ሁለት ኪሎ ስንዴ እንድገዛላቸው አዘዙኝ። ሁለት ኪሎ የዱሮው ልክ ነው። ዘንድሮ ትንሽ ብንቀንሰው ምን ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለማን ብዬ ነው የምቀንሰው?» አሉኝ። ሁለቱንም ኪሎ ገዛሁ።

ከነገ ጀምሮ እስከዚያ ያሉት የሥራ ቀናት ሲቆጠሩ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከሃያው አንዱን ቀን እንድትቀንሱልኝ እለምናለሁ።

10. በመጨረሻ ሣጥኑን በተመለከተ አንድ ኑዛዜና አንድ ሐሳብ አለኝ።

ኑዛዜው እንዲህ ነው። በ2023 በጋ ባጸደቅሁት ሌላ ቃለ መጠይቅ ውስጥ፣ ሰውየው ሲናገር መሃል ላይ አህያው ጮኸ። ማሽኑ «ያልታወቀ ተናጋሪ» ብሎ ስም ጠየቀኝ። እኔም «ማርኮ ሳማራኮስ፣ ትውልድ 1961፣ ሥራ፦ ጭነት ማጓጓዝ» ብዬ ሞላሁት። ሰው ያነብበው እንደ ሆነ ለማየት ነበር። እስከ ዛሬ አለ። እባካችሁ አንሡት፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ያኔ በጣም ስቄአለሁ። አሁን ግን አህያን ያለ ጥያቄ የተቀበለ ሣጥን የአክስቴን ዝምታ አልቀበልም ማለቱ አያስቀኝም።

ሐሳቡም ይህ ነው። ሣጥኑ ባዶ ይሁን ቢባል፣ ወይም «በሙሾ ልማድ የተዋሱት አፍ» ተብሎ ቢጻፍ ትክክለኛው እሱ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ይህን ማድረግ ፈጽሞ የማይችል ከሆነና የሰው ስም የግድ ከሆነ፣ የአክስቴን ስም አንሥታችሁ የእኔን አስገቡበት። እኔ የተወለድኩት በ1958 ነው፤ ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ። ስሜንና የትውልድ ዘመኔን አይቶ የሚያምን ሰው አይኖርም፤ ያላመነ ሰው ደግሞ ለምን እንዲህ ተጻፈ ብሎ ድምፁን ይከፍታል። የሚጎዳም ልጅ የለም። ያን ቃል አክስቴ አልተናገሩትም፤ በስማቸው እንዲወጣ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ስሜ እዚያ ቢቀመጥ ፈጽሞ ውሸት ነው ለማለት አልችልም። በዚህ እየቀለድኩ አይደለም።

ሣጥኑን ስትሞሉ እንዳትቸገሩ ስሜንና ዘመኔን ከታች አንብባችሁ እንድትገለብጡት በሚመች ፊደል ጽፌዋለሁ።

ከሰላምታና ከእፍረት ጋር፣

(ፊርማ)
ሊጎሪስ ማንዱራኮስ
ትውልድ 1958

አባሪ፦
ጃንዋሪ 9 ቀን የተጻፈልኝ ደብዳቤ ቅጂ
ያልተሞላ የተናጋሪ ማስተካከያ ቅጽ